ፉርሽካ የያዘው

«እንዳትቆራርጪው። አንዴ ጨልጪው» ይላታል ባሏ፣ ጠርሙሱን ሽቅብ ቁልቁል እየናጠ።

ሐኪሟ የደም ውጤቱን ማንበብ ትታ ጠርሙሱን ታያለች። ጡረታዋ የደረሰ፣ ሁሉንም ሰው «ልጄ» የምትል ሴት ናት።

«ምንድን ነው እሱ፣ ልጄ?»

«ፉርሽካ ነው ዶክተር። ኪኒኑም እዚሁ ውስጥ አለ፤ ፈጭቼ ነው የማማስልላት።» ብረት በያጅ ነው፤ በእጁ ስለሠራው ነገር ሲጠየቅ ድምፁ ይሞላል።

«የትኛው ኪኒን?»

«የብረቱ ነዋ!»

ሚስቱ የምርመራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስላታል። ማህፀኗ ውስጥ ያደገው እጢ በየወሩ ደሟን ያፈሰዋል። እጢው በቀዶ ጥገና እንዲወጣ ደሟ መሙላት አለበት፤ ደሟ እንዲሞላ ብረት ታዞላታል። ደሙ ግን አልሞላም። ቀጠሮው አንዴ ተላልፏል። ዛሬም ሊተላለፍ ነው፤ ሐኪሟ ወረቀቱን ስትገልጥ ከንፈሯን መምጠጧን አይታለች።

የበያጅ ሚስት ብረት አነሳት ተብሎ ሰፈሩ ስቆ ጠግቧል። እህቷ ሳትቀር ፉርሽካውን ያየች ዕለት «ምነው፣ ሊያልብሽ ነው እንዴ?» ብላታለች።

«ፉርሽካውን ማን አዘዘላት?» ትላለች ሐኪሟ።

«መድኃኒት ቤት ናቸው። ብረቱ ሆዷን አድርቋት ልትሞት ነበር እኮ! ‹ፉርሽካ ትውሰድ፣ ያለሰልሳታል› አሉኝ። እውነትም አለሰለሳት። እኔ ደግሞ ሁለቴ ከማስጨንቃት ብዬ...» ሁለት ጣቶቹን ያጋጥማል። «በየድኳቸው።»

ሐኪሟ መነጽሯን ታወልቃለች።

«ፉርሽካ ጥፋት የለበትም፣ ልጄ። ግን ገለባው ውስጥ ብረት የሚወድ ነገር አለ። አንጀት ውስጥ ሲገናኙ ጥፍር አድርጎ ይይዘዋል። ብረቱ ወደ ደም ሳይገባ አብሮት ይወጣል። ሁሉም በሱ ነው አልልህም፤ ደሙም እየፈሰሰ ነው። ግን ከዋጠችው ውስጥ ብዙው ደሟ ጋ አልደረሰም።»

በያጁ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው «እንደ ሳጋቱራ» ይላል።

«ምን አልክ?»

«የእንጨት ብናኝ ነዋ ዶክተር። ወለሉ ላይ ዘይት ሲደፋብን ሳጋቱራ እንበትንበታለን። ዘይቱን ይይዘዋል፤ ከዚያ ጠርገን እንጥለዋለን።» ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየዋል። «ስጠርግባት ነው የከረምኩት በሉኛ።»

«ብረቱን ጠዋት በባዶ ሆዷ፣ በብርቱካን ጭማቂ። ፉርሽካውን ማታ። አፋታቸው» ትላለች ሐኪሟ። ለቀዶ ጥገናው ሌላ ቀን ልትጠይቅላቸው ትወጣለች።

«ገደልኩሽ» ይላል ባል።

«አታጋንን ሰውዬ። ይኸው አለሁ።»

መቆጣት እንዳለባት ታውቃለች። ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ቁጣዋን ውስጧ ትዳብሳለች፤ የለም። ደሟ እንዲፈላ መጀመሪያ ደም መኖር አለበት። ጣዕሙ የረጠበ ጆንያ ነበር። ግን በትዳራቸው ዘመን ማንኪያ ለማማሰል ጨብጦ የማያውቅ ሰው ማለዳ እየተነሳ ብርጭቆ ሲያንኳኳ ከአልጋዋ ትሰማው ነበር። የጠጣችው ለዚያ ድምፅ ስትል ነው።

ባል ጠርሙሱን እጅ መታጠቢያው ላይ ይደፋዋል። ውሃው በወንፊቱ ይወርዳል፤ ፉርሽካው ዝገት የመሰለ ቀለም ይዞ ይቀራል። ቧንቧውን ይከፍትበታል። አሁንም ውሃው ብቻውን ያልፋል። በጣቶቹ ይሰበስበዋል፣ ይጨምቀዋል፣ የሚጥልበት ቅርጫት ይፈልጋል። ሲያጣ የሥራ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ይከተዋል።

ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ አዲሱን የቀጠሮ ወረቀት ታቀብላቸውና ተረኛውን ትጠራለች።

«ተነሺ» ይላል ባል፣ ደረቁን እጁን እየዘረጋ። «ያዢኝ።»

ትይዘዋለች። ደሟ ካነሰ ወዲህ ጣቶቿ ደንዝዘዋል፤ እጁ ይሙቅ ይቀዝቅዝ አታውቅም። መያዟን ለማረጋገጥ ቁልቁል ታያለች።

ይዛዋለች።