በፊት ለፊቱ አሳንሰር

እናቴ ከመውረጃችን አምስት ፌርማታ ቀድማ ደወሉን ትጫናለች። ምን ሆነሽ ብዬ ሳልጨርስ አውቶቡሱ ቆሞ እሷ ወርዳለች። በሰው መሀል ተጋፍቼ እከተላታለሁ።

«እማዬ፣ የጽጌረዳው መናፈሻ ገና እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» ትላለች ሳትዞር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የሽርሽር መርከባችን ተሳፋሪ መቀበል የሚያቆመው አስር ሰዓት ላይ ነው፤ ሻንጣዎቻችን ደግሞ ገና ሆቴል ናቸው። ለዚህች ግማሽ ቀን ወር ሙሉ ሳቅድ ነው የከረምኩት። ጠዋት ትልቁን ሐውልት አሳየኋት፤ «ረጅም ነው» አለች። ኦፔራ ቤቱን አሳየኋት፤ «ይኼን ሁሉ መስኮት ማን ይወለውለዋል?» አለች። ፊቷ የተፈታው ምሳ ላይ ብቻ ነው። ባንኮኒ ተደግፈን፣ ቆመን፣ አይብና ሽንኩርት የሞላበት ፒዛ ስንበላ አብሮ የሚቀርበውን የሽምብራ ቂጣ ከላይ ደርባ እንዴት እንደሚጎረስ አሳየችኝ። ከየት አወቅሽው ብላት ሌላ ቁራሽ አነሳች።

እናቴ ኤርሚንያ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ከቱኩማን፣ ከሸንኮራ አገዳው አገር፣ ትናንት ነው ይዣት የመጣሁት። እዚህ ቡዌኖስ አይረስ ውስጥ በልጅነቷ «ትንሽ ጊዜ ሠርቻለሁ» ከማለት በቀር ነግራኝ አታውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም ጠይቄያት አላውቅም። አሁን ያንን የሚያማትን ጉልበት ረስታ ከፊቴ ትፈጥናለች።

አሬናሌስ ጎዳና ላይ፣ ጥቁር የብረት በር ካለው አንድ የድሮ ሕንጻ ፊት ትቆማለች። ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ዘበኛ የበሩን ናስ በጨርቅ ይወለውላል። ከበሩ በስተግራ ሌላ በር አለ፤ ጠባብ ነው፣ ግራጫ ቀለም ተቀብቷል።

«ማንን ፈልገው ነው፣ እናቴ?»

«ማንንም። ስድስተኛ ፎቅ የነበሩት ሰዎች አሁንም አሉ?»

«እኔ ከመጣሁ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። ስድስተኛው ላይ ያለው የጥርስ ሐኪም ነው። ጥርስዎን አሞዎት ነው?»

«የኔ ጥርስ ካለቀ ቆየ። አነጋገርህ ግን የዚህ ከተማ ሰው አይመስልም።»

«የሳንቲያጎ ዴል ኤስቴሮ ልጅ ነኝ።»

«የሳንቲያጎ ሰው? ታዲያ በዚህ ሰዓት እንዴት ሳትተኛ ተገኘህ?»

ዘበኛው ይስቃል። «እርስዎስ?»

«ቱኩማን።»

«በሉ እንግዲህ፣ የበሩን እጀታ ነቅለው እንዳይሄዱ ልጠብቅ።»

የጎረቤት ክፍለ ሀገር ሰዎች ናቸው፤ ሳንቲያጎዎች በእንቅልፍ፣ ቱኩማኖች በሌብነት ይታማሉ፤ እንዲህ ካልተባባሉ የተዋወቁ አይመስላቸውም።

ሳቁ ሲያልቅ እናቴ ጠባቡን በር በአገጯ ታመለክታለች።

«እዚህ ቤት አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። እኛ የምንገባው በዚያ ነበር። ከኋላ የሠራተኛ አሳንሰር አለ።»

«አሁንም አለ» ይላል ዘበኛው።

«ልጃቸውን ታቅፌ ስሆን ግን በዚህኛው ነበር የምገባው። ልጁ ከቆሻሻ ባልዲ ጋር እንዳይወጣ ነዋ። መናፈሻ አንሸራሽሬው ስንመለስ በፊት ለፊቱ እንወጣለን። እሱን አስረክቤ ዳቦ ልገዛ ስወርድ በኋላ።» እጆቿን ታያቸዋለች። «አንድ ቀን እጄን ባዶ አድርጌ በወጣሁበት እል ነበር። የልጅ ነገር።»

ሰዓቴን አያለሁ። በማየቴም አፍራለሁ።

ዘበኛው ጎዳናውን ግራና ቀኝ ይቃኛል። «የሕንጻው አስተዳዳሪ የማይታወቅ ሰው እንዳላስገባ አስጠንቅቃኛለች። ባለፈው ወር የጋዝ ሠራተኛ አስገብቼ ምን ያላለችኝ አለ።» ጨርቁን ያጥፈዋል፣ መልሶ ይዘረጋዋል። «ስድስተኛ ድረስ ብቻ?»

«ስድስተኛ ድረስ ብቻ።»

እናቴ ቦርሳዋን ትሰጠኛለች። ባርኔጣዋን ትሰጠኛለች። መነጽሯንም አውልቃ ትሰጠኛለች።

«አብሬሽ ልውጣ?»

«ተይኝ።»

ከገባን በኋላ በአሳንሰሩ ፍርግርግ በር በኩል ስትወጣ አያታለሁ። እጆቿን የምታደርግበት ጠፍቷታል። ኪሷን ትፈልጋለች፤ ቀሚሱ ኪስ የለውም። ደረቷ ላይ ታነባብራቸዋለች፣ ቶሎ ትፈታቸዋለች። በመጨረሻ እንዲሁ ጎንና ጎኗ ይወርዳሉ። ከዚያ ጫማዋ ብቻ ይታየኛል፣ ከዚያ ምንም።

ከዘበኛው ጋር የገመዱን ሲጥ ሲጥ እያዳመጥን እንቆማለን።

«የኔም እናት ሰው ቤት ሠርታለች» ይላል ወደ ላይ እያየ። «ሮሳሪዮ ከተማ።»

«እሷ ነገረችዎት?»

«እሷማ የት። ከቀበርናት በኋላ አክስቴ ናት የነገረችኝ።»

አሳንሰሩ ስድስተኛው ፎቅ ላይ ይቆማል። ይቆያል። የሆነ በር የሚከፈት ይመስለኛል፤ የሚከፈት ግን የለም። ከዚያ ገመዱ መልሶ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

አልቅሳ ትወርዳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። አሳንሰሩ ጥግ ላይ ያለችው ቀይ ከፋይ የለበሰች ትንሽ መቀመጫ ላይ ተደላድላ ተቀምጣለች።

«ይቺ ወንበር» ትላለች «ለካ ትመቻለች።»

መሄድ አለብን። ታክሲ ብንይዝ እንኳ ሆቴል ደርሰን፣ ሻንጣ ይዘን፣ ወደብ ለመድረስ መሮጥ ነው። ይኼንኑ ልላት አፌን እከፍታለሁ።

«የልጁ ስም ማን ነበር?» እላታለሁ።

እናቴ ትንሽ ታየኛለች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ትልልኛለች።

«ግቢና ልንገርሽ።»

ቦርሳዋንና ባርኔጣዋን እንደታቀፍኩ እገባለሁ፣ ከጎኗ ተጣብቤ እቀመጣለሁ። ዘበኛው ፍርግርጉን ይስበዋል። አሳንሰሩ ሲነሳ የሰውየው ትከሻ፣ ቀጥሎም መሀሉ የተመለጠ ራሱ ከእግራችን በታች ይቀራል። የየፎቁ ብርሃን በፍርግርጉ እየገባ የእናቴ ፊት ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል። ገና ሦስተኛው ላይ ነን፤ እያወራች ነው።