አንተ ሙት

የጉተማ የፊት ፍሬን ሽቦ ጧ ብሎ ተበጠሰና እሱ ከነሳይክሉ መጥቶ ጀርባዬ ላይ ወጣ። ሁለታችንም ጠጠሩ ላይ ተንከባለልን። የእሱ ክርን ተልጦ ሥጋው ታየ፤ የእኔ አገጭ ተሰነጠቀ። ትንሽ ፈጠን ብለን ቢሆን ኖሮ የሚቀበለን ገደሉ ነበር።

"ወይኔ! ተርፋችኋል?" ፌበን ሳይክሏን ጥላ ከኋላ እየሮጠች መጣች።

ከሮቤ ከተነሳን ሦስተኛ ቀናችን ነው። ሳነቴ አምባ ላይ ንፋስና በረዶ ሲገርፈን ውሎ አድሮ፣ አሁን ቁልቁለቱ አፍ ላይ ደርሰናል። ከዚህ በታች መንገዱ እየተጠማዘዘ ሪራ ድረስ ይወርዳል። አምና የጉተማ ታላቅ ወንድም ጅሩ የሞተው ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። የመጣነውም ለእሱ ነው፤ ያልጨረሰውን መንገድ ልንጨርስለት። ጉተማ የሚነዳውም ያንኑ የጅሩን ሳይክል ነው፤ ከወደቀበት አንስተን ጠግኜዋለሁ።

እኔ ሮቤ ውስጥ ሳይክል ጠጋኝ ነኝ። የተበጠሰውን ሽቦ በፒንሳ ጎትቼ፣ ጫፉን አጥፌ፣ በብሎን ጠፍሬ አሰርኩት። ትርፍ ሽቦ ጎባ ያደርንበት ቤት ረስቻለሁ። ረስቻለሁ አልኩ እንጂ፣ ምን ያደርጋል ብዬ ትቼው ነው የመጣሁት። የኋላው ፍሬን ደግሞ ጭቃ በልቶት ከትናንት ጀምሮ የለም።

"በእግራችን እንውረድ፤" አለች ፌበን።

ጉተማ አላያትም። ደሙን በሱሪው ጠረገና እጀታውን ጨበጠ። "ወንዴ፣ ይይዛል?"

ይሄ አፌ ልጓም የለውም። ደንበኛ በጠየቀኝ ቁጥር የምላት ቃል ናት፤ በቀን ሃያ ጊዜ እላታለሁ።

"አንተ ሙት ይይዛል!"

ፌበን ፊቷን አዞረች። ባታዞር ኖሮ ምናልባት ያልፍ ነበር። አምና እዚሁ ቦታ አጠገቤ ቆማ ይህችኑ ቃል ሰምታለች። ጉተማ ያኔ ብድሬ ከተማ ከብት ገበያ ሄዶ ነበር፤ ጅሩን ጠጠር አንሸራተተው ብለን ነው የነገርነው። አሁን እሷን አየ፣ እኔን አየ።

"ማል ጄቴ? ምን አልክ አንተ?"

"ምንም።"

"ፌበን! ምንድን ነው የደበቃችሁኝ?"

"ጉቱ፣ ተወው በእናትህ።"

ዝም ማለት እችል ነበር። ዓመት ሙሉ ችያለሁ። ግን ሰለቸኝ፤ አስጠላኝ፤ ጅሩን በሕልሜ ማየት ታከተኝ።

"ጅሩም ጠይቆኛል፤" አልኩት። "ፍሬኑ ላላብኝ፣ ይይዛል ወይ አለኝ። አንተ ሙት ይይዛል አልኩት። ሳላየው። እየሳቅኩ።"

በሄልሜቱ ጆሮ ግንዴን አለኝ። ስወድቅ ደረቴ ላይ በጉልበቱ ወጥቶ በቡጢ ይወቅጠኝ ጀመር፤ ጥርሴ ተነቅሎ ምላሴ ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ። እጄን አላነሳሁም። ፌበን ከኋላ አንቃ ስትጎትተው በክርኑ አፍንጫዋን ብሎ አስቀመጣት።

"ገዳይ! የለቅሶውን ድንኳን የተከልከው አንተ! እናቴን ደግፈህ የቆምከው አንተ! ቤታችን ስትበላ የከረምከው አንተ!"

በእያንዳንዷ ቃል አንድ ቡጢ ነው የሚያስከትለው። እውነቱን ነው። ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ።

ድንገት ተወኝና ተነሳ። ሳይክሉን ከመሬት አነሳው።

"ይይዛል ብለሃላ? እስቲ እንየዋ!"

"ጉቱ! ጉተማ! እባክህ!" ፌበን በደሟ ውስጥ እየጮኸች ለመነሳት ትታገላለች።

ወጣበትና ፔዳሉን ረገጠ። ያ የፍሬን ሽቦ አንድ መታጠፊያ እንኳ እንደማይቆይ አውቃለሁ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። ለመነሳት ጊዜም ጉልበትም የለኝም። ሲያልፈኝ የኋላ ጎማው ፊቴ ጋ ነበር። ቀኝ እጄን በጎማው ሽቦዎች መሃል ሰደድኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ነው፤ ቀጥሎ የራሴን ጩኸት። ጎማው ጣቶቼን ይዞ ከብረቱ ጋር ነክሷቸው ቆመ። ጉተማ በእጀታው ላይ ተወርውሮ፣ ከገደሉ ጠርዝ አንድ ክንድ ሲቀረው ወደቀ። የነቀለው ድንጋይ ተንከባልሎ ወደ ታች ሄደ። ሲያርፍ አልሰማነውም።

እየዳኸ ወደ እኔ መጣ። ሊጨርሰኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እጅህን አውጣ።"

"አላወጣም።"

"ጣትህ እኮ አለቀ፣ አንተ ደደብ! በምን ሠርተህ ልትበላ ነው? አውጣው!"

"ትሄዳለህ።"

"አልሄድም።"

"ትሄዳለህ፣ አውቅህ የለም እንዴ!"

"አልሄድም አልኩህ! ጅሩ ይሙት አልሄድም!"

ካመለጠችው በኋላ ነው ራሱም የሰማት። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚምልባት ናት፤ ትምህርት ቤት፣ ኳስ ሜዳ፣ ሲናና ለአጨዳ ስንሄድ፣ ሁሌ ጅሩ ይሙት ነው። አፉን እንደከፈተ ቀረ። ፌበን አፍንጫዋን በጓንቷ እንደያዘች ቀና ብላ አየችው።

ከዚያ አጠገቤ ተንበረከከ። ጎማውን ቀስ አድርጎ ወደኋላ እያዞረ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ።