ሦስተኛዋ ምስክር

«እትዬ… አንድ ምስክር ጎድሎብኝ ነው። እባክዎ ለልጄ ይፈርሙልኝ።»

እንዲህ የሚለማመጡት ጋሽ አብደላ ናቸው። የወረዳው ቢሮ ሰልፍ ጅቡቲ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው…

ጋሽ አብደላ ሶማሌ ተራ ሻንጣ ይሸጣሉ። ዓረብ አገር የሄደች የመርካቶ ልጅ ሁሉ በሳቸው ሻንጣ ነው የሄደችው ብል ማጋነን አይሆንብኝም… እሺ፣ ትንሽ ይሆናል።

የዛሬዋ መንገደኛ ግን አጠገባቸው የቆመችው የገዛ ልጃቸው ናት።

ሰዓደት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ቀጣሪዎቹ ደግሞ ልጅ አንቀበልም ብለዋል።

ሦስት ሰው ቀርቦ «ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፣ ስትወለድ እናውቃለን» ብሎ ከፈረመ ግን… ልጅት በአንድ ጠዋት ዘጠኝ ዓመት ታድጋለች።

ትልቋን ልጃቸውን ሀፍሷንም የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት እንዲሁ «አሳድገው» ነው የላኳት። ከዚያ ወዲህ ብሯን እንጂ መልኳን አይተው አያውቁም።

ሁለቱን ምስክሮች ከጎረቤት ሱቅ አምጥተዋል። ሦስተኛው ጎደለባቸው። ከኋላቸው የተሰለፈችውን፣ አፏን በማስክ የሸፈነችውን፣ እጇ በበረኪና የተላላጠባትን ጎባጣ ሴትዮ ለመኗት።

ራሷን ነቅንቃ ተከትላቸው መስኮቱ ጋ ቀረበች።

ሠራተኛው የሳቸውን መታወቂያና የሷን ፓስፖርት ጎን ለጎን አስቀምጦ አየ… ደግሞ አየ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሃምሳ ዓመትዎ ነው። እኚህ ምስክር ሠላሳ ስምንት።»

«እና?»

«የአባታቸው ስም የእርስዎ ነው። የአያታቸውም ስም የአባትዎ። በአሥራ ሁለት ዓመትዎ ነው የወለዷቸው?»

ሴትዮዋ ማስኳን አወረደች።

ሀፍሷ ናት!

ለካ ጠዋት ከአውሮፕላን ወርዳ ሱቁ ስትሄድ «ሰዓደትን ይዘው ወረዳ ሄደዋል» ተብላ ነው የመጣችው።

«ሠላሳ ስምንት አይደለሁም፣ ሃያ ዘጠኝ ነኝ» አለችው ሠራተኛውን። «የነበርኩበት ዓረብ አገር የራሱ ወጣት ስለበዛበት ሱቁንም ቢሮውንም ለገዛ ልጆቹ አደረገው። ለኛ የቀረው የሰው ቤት ነበር፤ አሠሪዎቼ እሱንም ከሠላሳ አምስት በላይ ውል አናድስም አሉኝ። ስድስት ዓመት ይቀረኛል ብል ማን ይስማኝ? ወረቀቱ የሚያምነው አባቴን ነው።»

ቀጥላም «ምስክርነቴን ጻፍልኝ፣ ወንድሜ» አለችው። «ይቺ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።»

አባት እግሯ ላይ የወደቁ መሰላችሁ? «ሸይጣን አሳስቶኝ ነው» ያሉ መሰላችሁ?

«ታዲያ ከእንግዲህ ማን ሊልክልን ነው?» አሉ።

ሀፍሷ የእህቷን እጅ ይዛ ወጣች።

ጋሽ አብደላ ባዶ ቅጽ ይዘው ቆመው ቀሩ… ቀጥሎ የተሰለፈው ሰውዬ «ጋሼ፣ ካልጨረሱ ለኛ ይልቀቁልን» እስኪላቸው ድረስ። እሱም የሴት ልጁን እጅ ይዞ ነበር።

ወገኖቼ… በወረቀት ለልጅ የምንጨምረው ዓመት የሚቆረጠው ከልጅቷ ዕድሜ ላይ ነው።

እስቲ በየሰፈራችሁ አስቡ… ዕድሜ ተጨምሮላት የተላከች ልጅ ታውቃላችሁ? ያን ቀን ምስክር ሆኖ የፈረመውስ ማን ነበር?

ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ… ድፍረቱ ካላችሁ።