ብላሽ

ቤዛዊት ሙሽራ በማሳመር ስሟ የገነነ ናት። ቅዳሜ ጠዋት የውበት ሳሎኗ ውስጥ ስልኳን ደቅና ተከታዮቿን በቀጥታ ሥርጭት ታስተምር ነበር። ለማሳያ የሚሆን ፊት ብትጠይቅ፣ ተራ ከሚጠብቁት መካከል አንዲት ጠይም ሴት ሻሿን ፈትታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጉንጮቿ ቀልተዋል።

«እዩልኝ እስቲ! ይኼ የጉንጭ ቀለም፣ ብላሽ ነው ወይስ ጥፊ?» አለች ቤዛዊት። ስልኩ ላይ የሳቅ ምልክት ተዥጎደጎደ።

«ጠይም ሰው እንዲህ ያለ ደማቅ ሮዝ ሲቀባ የተቀቀለ ቀይ ሥር ነው የሚመስለው። የሚያምርበት የጡብ ቀለም ነው። እሱንም ፈገግ ብሎ፣ ከጉንጭ አጥንት ወደ ጆሮ ሽቅብ እያሳሱ ነው እንጂ እንዲህ እንደ ግድግዳ መለሰን አይደለም!»

ሴትዮዋ አቀረቀረች። ቤዛዊት አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻት።

«መስታወት የለሽም እንዴ የኔ እናት?»

«አለኝ።»

«ታዲያ እያየሽ ነው እንዲህ የሆንሽው?»

እነዚህ ሰዎች መቼም አይገባቸውም፣ አለች በሆዷ። ጥጥ በማጽጃ ነክራ የሴትዮዋን ጉንጭ ፈተገችው። ሴትዮዋ ጥርሷን ነከሰች። ቤዛዊት የወጣውን ቀለም ለተከታዮቿ ልታሳይ ጥጡን ወደ ስልኩ አስጠጋችው።

ጥጡ ነጭ ነበር።

ሌላ ጥጥ ነክራ ሌላኛውን ጉንጭ ጠረገች። እሱም ነጭ ሆኖ ወጣ።

«ምንም አልተቀባሁም» አለች ሴትዮዋ ለስልኩ። «አምና እዚሁ ከዚህች ልጅ የገዛሁት ፊት የሚያቀላ ክሬም ነው እንዲህ ያደረገኝ።»