መስኮት ላይ የቀረች ሚስት

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ስክሪኑ ላይ፣ ከተማ ዳር አንድ ዓይነት ቤቶች በተደረደሩበት አዲስ ሰፈር፣ ወጣቷ ሚስት በኩሽና መስኮት ልትወጣ ስትል ወገቧ ላይ ተይዛ ቀርታለች። ባሏ በሩን ቆልፎባት ሥራ ሄዷል። «ኧረ አውጡኝ!» ትላለች እግሯን እያወራጨች።

ተዋናይቷ ራሷ፣ አሁን የሰባ ዓመት ሴት፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆና አየቻት። አልሳቀችም። ያ ጩኸት ድርሰቱ ውስጥ አልነበረም። መስኮቱ የምር ይዟት ነበር፤ ዳይሬክተሩ ግን «እንዳታቆሙ!» አለና ቀረጻው ቀጠለ።

አጠገቧ የእውነቱ ባሏ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «የኔ ናት እኮ!» አለ ከፊቱ ለተቀመጡት፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አርባ አምስት ዓመት ሙሉ አስታዋሽ ያጣ ኮሜዲ ነው። የፊልም ክበቡ ልጆች ከአንድ መጋዘን ፈልፍለው አወጡት፤ እሷንም አፈላልገው ጋበዟት። መብራቱ ሲበራ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ እንዲህ እየቻሉ ለምን ሌላ ፊልም አልሠሩም?»

ማይኩ ወደ እሷ ሲመጣ ባሏ መንገድ ላይ ተቀበለው። «ቤቷን መረጠቻ!»

ተጨበጨበ። እሷም ፈገግ አለች። ለጠየቃት ሁሉ እንዲሁ ነበር የምትለው፤ ፈላጊ አጣሁ ከማለት ይሻላል።

ከኋላ አንድ ባለከዘራ ሽማግሌ ተነሣ። የፊልሙ ካሜራማን ነበር።

«ለሌላ ፊልም ፈልገንሽ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍንልሽ እኮ» አላት። «"ሁለተኛ እንዳትደርሱብኝ" ብለሽ ፈርመሽ መለስሽልን። ምን አድርገናት ነው እያልኩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።»

«እኔ?»

አንድም ደብዳቤ አልደረሳትም። የፖስታ ሣጥኑን ቁልፍ የሚይዘው ባሏ ነበር። ዞራ አየችው። አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ጫፍ ያያል።

«ለትዳራችን ብዬ ነው» አላት በሹክሹክታ። ማይኩ ግን አልተዘጋም ነበርና አዳራሹ ሁሉ ሰማው።

የሳቀ የለም። ካሜራማኑ እንደቆመ ቀረ።

ባሏ ማይኩን ወንበር ላይ ጥሎ ተነሣ። ካፖርቷን አንሥቶ በሁለት እጁ ዘረጋላት። «ነይ፣ እንሂድ።»

«አልሄድም» ልትል አፏን ከፈተች፤ ሰዉ ሁሉ ዓይን ዓይኗን ያያታል። ክንዷ ግን፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ሳታዘው እጅጌው ውስጥ ገብቶ ነበር።