ሦስተኛው ጥሪ

ጡረተኛው ሰዓት ሠሪ አውራ ጣቱን የሬዲዮው ማይክሮፎን ቁልፍ ላይ አሳርፎ ሳይጫን ቀረ። ከባሕር ማዶ፣ በድምፅ ብቻ የሚያውቀው የዕድሜ ልክ ወዳጁ በመለያ ምልክቱ እየጠራ ይፈልገው ነበር። አዲሱ የአማተር ሬዲዮ ደንብ ግን አዲሱን ፈተና ላላለፈ ሰው ማዳመጥን ፈቅዶ መናገርን ከልክሏል፤ አንዴ የተናገረ ደግሞ ለፈተናውም አይቀርብም። ይኸው ወራት አለፉ፤ የፈተናው ቀን እንኳ አልተቆረጠም።

ሚስቱ የባዕዱን ቋንቋ ባትሰማም የባሏን መለያ ለይታ ታውቀው ነበር። «መልስለት እንጂ!» አለች፣ ፎጣ እያጠፈች። «አንዲት ቃል ብትተነፍስ ማን ይሰማሃል?»

«ሬዲዮ እኮ ነው፤ የማይሰማ የለም።»

«እንግዲያው ሆድህን ሲበላህ ዋል!» ብላ ፎጣዎቿን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ወዳጁ ደግሞ ጠራው። በዚያው ሞገድ ላይ ሲያወሩ የነበሩት ሌሎች አማተሮች ሁሉ ድንገት ጸጥ አሉ። ሰዓት ሠሪው ይህን ጸጥታ ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ ለስንቱ ጓደኛው እንዲህ ጸጥ ብሏል። ድምፁ የጠፋ ሰው ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ካልመለሰ፣ ሞቷል ተብሎ ይሰናበታል።

ሦስተኛው ጥሪ መጣ። ቁልፉ በላቡ ራሰ።

«በል ደህና ሁን ወንድሜ፤ አፈሩ ይቅለልህ» አለ ወዳጁ።

ሰዓት ሠሪው ቆቡን አወለቀና፣ ለሟቾቹ ሁሉ እንደሚያደርገው ብድግ ብሎ ቆመ።

ሚስቱ ከጓዳ ስትመለስ እንደቆመ አገኘችው።

«ውይ!» አለች ደረቷን ይዛ። «ደግሞ ማን ሞተብህ?»