ትርፉ ከጌሙ ነው

ከደረጃው በኩል የሴቶች ሳቅና የጫማ ኳኳታ ተሰማ። ባለሱቁ ጆሮውን አቆመ። የአንደኛዋን ድምፅ ለየው፤ የዛሬ ወር የጌም ማሽን የገዙት እትዬ ዘነቡ ናቸው።

ማሽኑን ሁለት ሺህ ብር ከስሮ ነበር የሸጠላቸው፤ አውቆ ነው። ማሽን የወሰደ ሰው ጌም ሊገዛ መመላለሱ አይቀርም፤ ትርፉ ያለው እዚያ ነው። በዚህ ስሌት በሐሳቡ ፎቅ ሠርቶ ጨርሷል። ጌም ብሎ የመጣ ሰው ግን እስካሁን የለም፣ የሱቁ ኪራይም ነገ ነው።

እትዬ ዘነቡ የእድራቸውን ሴቶች አስከትለው ገቡ።

«ይኸው፣ ገበያ አመጣሁልህ» አሉት።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። የኳስ ጌም አለ፣ የመኪና አለ፤ የቱን ላውርድ?»

«የምን ጌም ነው ልጄ? እኛ የፈለግነው ዕቃውን ነው። ዳንቴል አልብሼ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ባስቀምጠው ቤቴን እንዴት እንዳሳመረው። እነዚህም አይተው ቀኑብኝ።»

«አብርተውት አያውቁም?»

«ለምን ብዬ፣ እንዲበላሽብኝ?»

ባለሱቁ ሴቶቹን ቆጠረ። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ሁሉም ብራቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«በዚያው ዋጋ ነው አይደል?» አለች አንዷ።

ኮቱን ከምስማሩ ላይ አወረደና በመሃላቸው ሹልክ ብሎ ደረጃውን ወረደ።